ከአማቴ ጋር ኮሎራዶ

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ እኔና እናቱ አትላንታ ዳር፣ ስኔልቪል ባለው ቤታችን ውስጥ ሁለት እንግዶች ሆነን ቀረን። እሱ በሕይወት እያለ እሳቸው ለሰው ሲያስተዋውቁኝ «የልጄ ሚስት» ይሉኛል፤ እኔም «የባሌ እናት» እላለሁ። ሁለታችንን የሚያገናኘን መሃላችን የቆመው እሱ ነበር። ልጅ አልወለድንም። ስለዚህ እሱ ሲሄድ በእሳቸውና በእኔ መካከል የቀረ የሥጋ ነገር አልነበረም። ይህን ማንም ፊት ለፊት አልነገረኝም፤ ነገር ግን ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት ሴቶች አንዷ ወጥ ቤት ውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንግዲህ እሳቸው የት ሊወድቁ ነው?» ስትል ሰምቻታለሁ።

ባለቤቴ የትራክ ሾፌር ነበር። ከአትላንታ ጭኖ ወደ ምዕራብ ይነዳል፤ ይመለስና ጥቂት ቀን አርፎ እንደገና ይወጣል። እናቱን ከደብረ ታቦር አስመጥቷቸው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ዓመታት አልፈው ነበር። ኮሎራዶ ሲደርስ መኪናውን ያቆምና በቪዲዮ ይደውልላቸዋል። ስልኩን ወደ ተራራው አዙሮ ያሳያቸዋል። እሳቸው ሶፋው ላይ ተቀምጠው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ይኼስ ጉናን ያስንቃል! እንዲህ በረዶ ለብሶ ማን ይኖርበታል?» ይላሉ።

«በክረምቱ እወስድሽና በእግርሽ ትረግጪዋለሽ» ይላቸው ነበር። የሚለው ክረምት የልጆች ትምህርት ቤት የሚዘጋበትን፣ የዚህን አገር በጋ ነው።

አንድ ጊዜ ከመንገድ ሲመለስ የብሔራዊ ፓርኮችን የዓመት መግቢያ ካርድ ገዝቶ መጣ። ሦስታችንም አብረን ልንሄድ ነው አለ። በኅዳር ሆዱን አመመው። የጨጓራ መስሎን ነበር፤ የቆሽት ካንሰር ነው አሉን። ጥር ላይ ቀበርነው።

ቀብሩ ላይ እናቱ፣ እኔ እማማ የምላቸው፣ አላለቀሱም። ማለቴ፣ ሊያለቅሱ ሲሉ ከለከልናቸው። ሬሳው በተቀመጠበት አዳራሽ፣ ምንጣፉ ላይ ቆመው ደረታቸውን መምታት እንደ ጀመሩ ሁለት ወንዶች ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ያዟቸው። «እማማ፣ ይበቃል። እዚህ አገር እንዲህ አይለቀስም» አሏቸው። ክራባት ያሰረው የቀብር ቤቱ ሠራተኛ በሩ አጠገብ ቆሞ ያያል። እሳቸው ዙሪያቸውን ቃኙ፤ ግድግዳውን፣ የአበባውን ብዛት፣ ሰውየውን አዩ። ከዚያ ዝም አሉ። ዝም እንዳሉ ወሩ ወጣ፤ ሌላውም ወር ወጣ።

እኔ ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምሠራው። ሥራ ውዬ ስመለስ ጥቁር ለብሰው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ያበሰሉትን ያቀርቡልኛል። «እርስዎስ?» ስላቸው «በልቻለሁ» ይላሉ። ድስቱን ሳየው ግን ማንም አልነካውም። ባሕር ዳር ያለችው ልጃቸው እየደወለች «እናቴን ላኪልኝ» ትለኛለች። መላክ የሚለው ቃል ያመኛል። ቢሆንም ምን መብት አለኝ?

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ነጠላዬን ሳጥፍ እማማ ከኋላዬ መጡ።

«ያን ተራራ ሳላየው አገሬ አልገባም» አሉኝ።

«የቱን ተራራ?»

«ልጄ የሚያሳየኝን ነዋ።»

«እማማ፣ በሐዘን ላይ እያለን?»

«ሐዘን ቤት ብቻ ነው እንዴ የሚቀመጠው?»

ሥራ ቦታዬ ኦፍ ጠይቄ ተፈቀደልኝ። ወሬው የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ዘንድ ደረሰ። አንዷ ፓርኪንግ ሎት ላይ አስቁማኝ፣ «ዓመቱ ሳይወጣ ሽርሽር ልትሄዱ ነው አሉ?» አለችኝ። እማማ መኪና ውስጥ ሆነው ሰምተዋል። መስኮቱን አውርደው፣ «ልጄ የተናዘዘውን ልፈጽም ነው» አሏት። ባለቤቴ እንዲህ ያለ ኑዛዜ አልተናዘዘም። እሳቸው ግን እንደዚያ ነው የቆጠሩት።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ዴንቨር ወረድን። መኪና ተከራይተን ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ሮኪ ማውንቴን ወደሚባለው ፓርክ ነዳሁ። ሜዳው አልቆ ገደሉ ሲጀምር እማማ የመቀመጫውን ቀበቶ በእጃቸው ጨበጥ አድርገው፣ ወደ ላይ እያዩ ሄዱ።

መግቢያው ላይ ያለችው ጠባቂ ፀጉሯ የሸበተ፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ነበረች። ካርዱንና መታወቂያዬን ሰጠኋት። የካርዱን ጀርባ አየች፤ መታወቂያዬን አየች።

«ይህ ፊርማ የማን ነው?»

«የባለቤቴ።»

«አብሯችሁ ነው?» ብላ ወደ ኋላ ወንበር አጮለቀች።

እዚያ ሻንጣ ብቻ ነበር። «ሞቷል» አልኳት። በእንግሊዝኛ ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ ለባንክ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለስልክ ኩባንያ።

ከኋላችን መኪኖች ተሰልፈዋል። ሴትዮዋ አልቸኮለችም። ካርዱን ወደ እኔ አዞረችና ከእሱ ፊርማ በታች ያለውን ባዶ መስመር በጣቷ አሳየችኝ። «ሁለት ሰው ነው የሚፈርምበት። ይህ ያንቺ ነው» ብላ እስክሪብቶዋን ሰጠችኝ። መሪው ላይ አስደግፌ ፈረምሁ።

«ምን አስጻፈችሽ?» አሉ እማማ።

«ስሜን።»

«ከሱ ሥር?»

«አዎ።»

ወደ እኔ መስኮት ጎንበስ ብለው በአማርኛ፣ «እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» አሏት። ሴትዮዋ ባርኔጣዋን ነካ አድርጋ አሳለፈችን።

መንገዱ እየተጠማዘዘ ወጣ። ዛፉ እያጠረ፣ እየሳሳ ሄዶ ጭራሽ ቀረ። ከዚያ በላይ ድንጋይ፣ ሣርና በረዶ ብቻ ነው። እኔ ደጋ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ አትላንታ የኖርኩበት ዘመን ግን ሳምባዬን ለውጦታል። ራሴን ይወጋኝ ጀመር። አፌ ውሃ ሞላ። እንደ ምንም ዳር ይዤ ፓርክ አደረግሁና በሩን ከፍቼ አስመለሰኝ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አማቴ ከመኪናው ወርደው ዞረው መጡና ግንባሬን ደግፈው ያዙኝ። ከቦርሳቸው ሎሚ አውጥተው በጥርሳቸው ልጠው አፍንጫዬ ሥር ያዙልኝ።

«ቆለኛ ሆነሻል» አሉኝ። ከጥር ወዲህ ቀልድ ሲናገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነው።

ትንሽ ሲሻለኝ እሳቸው የመንገዱን ጠርዝ አልፈው ወደ በረዶው ሄዱ። ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ሙሉውን ከተቱበት። ቆይተው አወጡትና ቀልቶ አዩት።

«ይቀዘቅዛል» አሉ። «እንዲህ እንደሚቀዘቅዝ ልጄ አልነገረኝም።»

ከዚያ ቀና ብለው መንገዱን ወዲያና ወዲህ ተመለከቱ። «የቱ ጋ ቆሞ ነው ያሳየኝ?»

ልዋሻቸው እችል ነበር። አንዱን ቦታ በእጄ ባሳያቸው ያምኑኝ ነበር። ግን መዳፋቸውን በነጠላቸው እያሞቁ ሲጠብቁኝ ሳይ አልቻልኩም። «እዚህ አይደለም እማማ። እዚህ ትራክ አያስገቡም። እሱ የሚያልፈው ከዚህ ራቅ ብሎ በትልቁ አውራ ጎዳና ነው። የሚያሳይዎትም ከዚያ ሆኖ ነበር።»

«እዚህስ?»

«እዚህ መጥቶ አያውቅም።»

«ያን ሁሉ ዓመት?»

«ያን ሁሉ ዓመት።»

ነፋሱ ነጠላቸውን ያርገበግበዋል። ሰዎች እየመጡ ፎቶ ይነሣሉ። አንድ ወጣት ባልና ሚስት እየሳቁ ስልካቸውን ሰጥተውኝ አነሣኋቸው። ስመለስ እማማ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። «እንግዲያውስ እኛ እንየው» አሉ። አመሻሹ ላይ ብርዱ እስኪያስነሣን ድረስ እዚያ ተቀመጥን። ባለቤቴ በዚህ አገር ዳር እስከ ዳር ነድቶ፣ ያየው ሁሉ ከመስታወት ወዲያ ያለውን ብቻ እንደ ነበር ያን ቀን ገባኝ። ጭነቱ ሰዓት አለው። የሚቆመው ነዳጅ ሲቀዳና የግዴታ እረፍቱን ሲያርፍ ነው። ተራራው ግን ሁልጊዜ ለሌላ ጊዜ ነበር።

ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወረድን፤ ቀኑን ሙሉ ነድቼ ሜሳ ቬርዴ ደረስን። እዚያ ከገደል ሥር፣ ድንጋዩ እንደ ጣሪያ በሸፈነው ዋሻ ውስጥ የጥንት ሰዎች የሠሯቸው ቤቶች አሉ። ወደ ቤቶቹ ለመግባት መሰላል መውጣት ስለሚያስፈልግ ማዶ ካለው መመልከቻ ቦታ ላይ ሆነን አየናቸው። ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ የክፍሎቹ ማዕዘን ሁሉ ደህና ነው። ሰው የለበትም እንጂ ማታ ጭስ የሚወጣበት ይመስላል።

አስጎብኚው፣ ሰዎቹ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ለቀው መሄዳቸውን ይናገራል። እኔ አጠር አድርጌ እተረጉማለሁ።

«ለምን ሄዱ?» አሉ እማማ። ጠየቅሁላቸው። ዝናብ ጠፍቶ ይሆናል፣ ጠብም ተነሥቶ ይሆናል፣ በእርግጠኝነት አይታወቅም አለ። ወደ ደቡብ ወርደው ሌላ ቦታ ሰፈሩ፤ የልጅ ልጆቻቸው እስከ ዛሬ አሉ፤ እዚህም እየመጡ ይጸልያሉ አለ።

«አሉ?»

«አሉ።»

«ታዲያ ሰዉ ሁሉ እንደ ሞቱ አድርጎ ለምን ያወራል? ቤት ለቀቁ እንጂ» አሉ። ከዚያ ገደሉን እያዩ ቀስ ብለው ጨመሩ፤ «ቤት የለቀቀና የሞተ አንድ አይደለም።»

ምን ለማለት እንደ ፈለጉ ገባኝ። ስለ እነዚያ ሰዎች ብቻ አልነበረም። ልባቸው ወደ ባሕር ዳር ቆርጧል። ያን ማታ ሞቴል ውስጥ ጥቁር ቀሚሳቸውን አጥቤ ሰቀልሁ።

የመጨረሻው ቦታ ተራራ የለበትም። በስተ ምሥራቅ፣ ኮሎራዶ ጠፍጣፋ ሜዳ በሆነበት በኩል ነው። ባለቤቴ ጭኖ በዚያ አውራ ጎዳና ሲያልፍ አንድ ቡናማ ምልክት ያያል። ምን እንደ ሆነ ጠይቆ ተረድቶ ለእናቱ በስልክ ነግሯቸው ነበር፤ ሳንድ ክሪክ ይባላል፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የአሜሪካ ወታደሮች ጎሕ ሲቀድ ሻየንና አራፓሆ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ሰፈር ላይ ደርሰው የፈጁበት ቦታ ነው ብሏቸው ነበር። ከተገደሉት የሚበዙት ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ናቸው። የጎሣው አለቃ የሰላም ምልክት እንዲሆን የአሜሪካን ባንዲራ ከነነጩ ጨርቅ ሰቅሎ ነበር ይባላል። ወደ ቦታው የሚወስደው መንገድ ኮረኮንች ስለሆነ፣ ጭነትም ስላለበት ገብቶ አያውቅም። ምልክቱ ጋ ሲደርስ ግን አማትቦ ነበር የሚያልፈው።

አቧራውን እያቦነንሁ ገባሁ። ከእኛ ሌላ ጎብኚ አልነበረም። አንዲት ወጣት ጠባቂ ተቀበለችን። ሁሉን አስረዳችን፤ ወደ ወንዙ አሸዋ መውረድ አይፈቀድም፣ የተቀደሰ መሬት ነው፣ የሟቾቹ ዘሮች እንደዚያ ጠይቀዋል አለችን። ዝቅተኛ ኮረብታ ላይ ወጣን። ከታች ዛፎች ተሰልፈዋል፤ ወንዙ ደረቅ ነው። ወፍ ይጮኻል፤ ሣሩ ይንሿሿል።

እማማ ብዙ ቆመው አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ጠይቂልኝ። እዚህ ማልቀስ ይፈቀዳል?» አሉ።

እንዲህ ብዬ ለመጠየቅ አፈርሁ። ግን ጠየቅሁ። ልጅቱ መጀመሪያ አልገባትም፤ ደግሜ ነገርኋት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሰው እዚህ የሚመጣው ለዚያ ነው» አለች።

ተረጎምሁላቸው። እማማ ነጠላቸውን አውርደው ወገባቸው ላይ አሸረጡት። ጫማቸውን አወለቁ። ደረታቸውን አንድ ጊዜ መቱ፤ ደግመው መቱ። ከዚያ ያ ስድስት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ የማላውቀው ድምፅ ወጣ፤

«የሰው አገር ልጆች ወንዝ ዳር ያላችሁ፣
የኔንም ወንድ ልጅ ያዙልኝ አብራችሁ።»

ጠባቂዋ ባርኔጣዋን አውልቃ ቀስ ብላ ራቀች። እኔ የት ልቁም፣ ምን ላድርግ አላውቅም ነበር። አዲስ አበባ ያደግሁ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ለቅሶ ከሩቅ ነው የማውቀው። እማማ ስለ ሕፃናቱ አለቀሱ፤ ስለ እናቶቻቸው አለቀሱ፤ ስለ ባንዲራው አለቀሱ። የራሳቸውን ልጅ አስከትለው መጡ፤

«መንገደኛው ልጄ መንገድ አልደከመው፣
ቤቱ ሲገባ ነው ሞት የተሸከመው።»

ይህን ሲሉ ከአጠገባቸው ተንበረከክሁ። እሳቸው ይላሉ፣ እኔ እቀበላለሁ። ሐዘንተኛ ሆኜ ወራት ስቀመጥ፣ ሰው ሲያጽናናኝ፣ ወረቀት ስሞላ፣ ልብሱን ለሰው ስሰጥ ያልወጣልኝ ሁሉ እዚያ ወጣ። ድምፃችን ሜዳው ላይ ሄዶ የሚመልሰው ነገር አጣ። ማንም ክንዳችንን አልያዘም። እስኪበቃን አለቀስን።

ሲያበቁ ጫማቸውን አጠለቅሁላቸው። እጃቸውን ወደ ወንዙ ዘርግተው ለሟቾቹ «ነፍስ ይማር» አሉ። ልጅቱ በር ላይ ውሃ ይዛ ጠበቀችን።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ዴንቨር ስንመለስ ነው የነገሩኝ።

«መስከረም ላይ እሄዳለሁ።»

«እማማ፣ እኔ ጋ ምን ጎደለብዎት?»

«ምንም አልጎደለብኝም። ያስቸገርሁት እኔ ነኝ።»

«ማን አለ እንዲህ?»

«ማንም አላለም። ስሚኝ። እኔ እዚያ ቤት እስካለሁ አንቺ ጥቁር አታወልቂም። አላወልቅም ትያለሽ፤ አውቅሻለሁ። ገና ልጅ ነሽ። ሰው ያስፈልግሻል። የሟች እናት ሳሎን ተቀምጣ ማን ደጅሽን ያንኳኳል?»

«ሰው አልፈልግም።»

«ዛሬ አትፈልጊም» አሉ። ቀጥለው የተናገሩትን እየነዳሁ ስለነበር ፊታቸውን ሳላይ ነው የሰማሁት። «ልጄ አንቺን ሲያገባ ደስ አላለኝም ነበር። ከዚያም ልጅ ጠፋ፤ ነገሩን በአንቺ አሳበብሁ። ትናንት እዚያ ኮረብታ ላይ አብረሽኝ ስታለቅሺ የኔ ሥጋ እንደ ሆንሽ አየሁ። አሁን ባልሄድ እጎዳሻለሁ።»

መኪናውን ዳር አቆምሁ። ትራኮች እያለፉ ያንቀጠቅጡናል። የእሳቸው እጅ የእኔ እጅ ላይ ነበር።

በመስከረም ኤርፖርት ሸኘኋቸው። በዊልቸር የሚገፋቸው ልጅ ሲወስዳቸው ወደ ኋላ አልዞሩም፤ ከዞሩ እንደማይሄዱ ነግረውኝ ነበር። ቤቱ ለብቻዬ ከበደኝ። ሸጬ እዚያው አትላንታ አካባቢ፣ ቻምብሊ ባቡር ጣቢያው አጠገብ አፓርታማ ተከራየሁ። በየእሑዱ እንደዋወላለን። መስመር አንዳንዴ ይቆረጣል፤ አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ አይገባም። «ጥቁሩን አወለቅሽ?» ይሉኛል። «አውልቄያለሁ» እላለሁ፤ አውልቄም ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ጾም ላይ፣ ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ነጠላ ለብሰው ቆመዋል። ሳያቸው ገባኝ፤ በዚያ ሰዓት ሴቶች ተሰብስበው የሚመጡት ለመርዶ ነው። የባለቤቴ እህት ከባሕር ዳር ደውላ፣ «እሷም የእናቴ ልጅ ናት፤ ብቻዋን በስልክ እንዳትሰማ፤ ወግ ባለው መንገድ አርዷት» ብላቸው ኖሯል።

የሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጥሁ። ያቺ ጠባብ አፓርታማ ሰው ሞላት፤ ጫማ ከደጅ እስከ ደረጃው ተደረደረ። አንድ የማላውቀው ሰውዬ በር ላይ፣ «ምኗ ነው የሞተባት?» ብሎ ጠየቀ። ያኔ ፓርኪንግ ሎት ላይ ያስቆመችኝ ሴት ናት የመለሰችለት። «እናቷ» አለችው።

ሥራ ቦታዬ ደውዬ ለቅርብ ዘመድ ብቻ የሚሰጠውን የሐዘን ፈቃድ ስጠይቅ አለቃዬ በትሕትና፣ ባልሽ ካረፈ እሳቸው አሁን በሕጉ አማትሽ ናቸው ወይ አለችኝ። እንደማላውቅ ነገርኋት። እሷም አላወቀችም። አጣርታ እንደምትደውልልኝ ቃል ገባችና እስከዚያው እንዳልመጣ ነገረችኝ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ሳሎን ተመለስሁ። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልኝ፤ ከመሃላቸው መሬት ላይ ተቀመጥሁ።